ለልጄ ንጹሕ ማር ከየት ላምጣ?

እኔ የምለው፣ በዚህ ከተማ አንድ ኪሎ ንጹሕ ማር ማግኘት ለምን እንዲህ ይከብዳል? ተናድጄ ነው የምጽፈው። ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

የስምንት ዓመቷ ልጄ አሜሪካዊ አባትና ልጅ ቤታቸው ውስጥ “ሩት ቢር” ሲሠሩ ዩቲዩብ ላይ አየች። ስሙ ቢራ ይባል እንጂ የልጆች መጠጥ ነው። የሥራሥርና የቅርፊት ቅመም በስኳር ይጣፍጣል፣ ትንሽ እርሾ ይገባበታል፣ ጠርሙስ ውስጥ ታሽጎ ጋዝ ይፈጥራል። ቻርለስ ሃየርስ የሚባል ፋርማሲስት እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን አስተዋወቀው፤ ቤተሰብ ቤቱ የሚጠምቅበትን ቅመምም አሽጎ ይሸጥ ነበር። “እኛም እንሥራ!” አለችኝ። ዋናው ቅመሙ የሆነውን፣ ሳሳፍራስ የሚባለውን የዛፍ ሥር እዚህ አራት ኪሎ ሰፈር ከየት አመጣለሁ? ግን ብርዝ አለን። ጌሾ የለበትም። እኔም ከእናቴ ጎን ቆሜ እየበጠበጥኩ ነው ያደግኩት።

ማሰሮውን አጥበን በወይራ አጠንን። ማሩን በለብታ ውሃ እሷ በጠበጠች፣ በወንፊትም አጠለለች። እጇ እስከ ክርኗ ተጣበቀ። ጥሬ ማር ውስጥ በዓይን የማይታይ እርሾ እንዳለ፣ ማሩ ወፍራም ስለሆነ ተኝቶ እንደሚቆይ፣ ውሃ ሲያገኝ ነቅቶ ስኳሩን እየበላ አረፋ እንደሚያወጣ ነገርኳት።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ወደ ማሰሮው ሮጠች። ምንም የለም። ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። ምንም! ከዚያ በኋላም ያው። ቀመስኩት። የአበባ ሽታ የለው፣ የማር ቃና የለው፣ የስኳር ውሃ ነው። ከሥሩ ዱቄት የመሰለ ነጭ ዝቃጭ ተኝቷል።

“እማዬ፣ እኔ ነኝ ያበላሸሁት?” አለችኝ።

ደሜ የፈላው እዚህ ላይ ነው። አንቺ ምንም አላበላሸሽም የኔ ልጅ። ያበላሸው “ከቀፎ ቀጥታ የመጣ የአገር ቤት ማር ነው” እያለ፣ ዓይኔን እያየ የሸጠልኝ ሰው ነው።

በአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ የሆነች አገር ውስጥ ነው እኮ ያለነው! አሜሪካኖች በዚያ በሩት ቢሩ ቅመም፣ በሳሳፍራስ ዘይት ውስጥ ያለው ሳፍሮል የሚባል ንጥረ ነገር የሙከራ እንስሳትን ጉበት ጎድቶ ስለተገኘ እ.ኤ.አ. በ1960 ከምግብና ከመጠጥ አገዱት። ስንት ዘመን የለመዱትን ጣዕም! እኛ ልጆቻችን አፍ ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ እንኳን አናውቅም። በርበሬ ላይ ሸክላ፣ ቅቤ ላይ ሙዝ ሲባል ሰምተን ዝም አልን። አሁን ማሩም ተጨመረ።

“ለምን አይተሽ አትገዢም?” የምትሉኝ አትጠፉም። በምን ልየው? አንዱ ክብሪት ነክረሽ ለኩሺ ይላል። ሌላው ውሃ ላይ ጠብ አድርጊ ይላል። በእነዚህ እርግጠኛ መሆን አይቻልም፤ በትክክል የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ይባስ ብሎ “ከረጋ ስኳር አለበት” እየተባለ ንጹሑ ማር ይጠላል። ንጹሕ ማርም እኮ ይረጋል! ስለዚህ እውነተኛውን ከገጠር ያመጣው ምስኪን ገበሬ ሲመለስበት፣ በርዞ ያቀጠነው ይሸጥለታል። ይሄ ከኪሴ ከወጣው ብር በላይ ያንገበግበኛል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት ምግብ መሸጥን ይከለክላል። ታዲያ ለምንድነው ገበያ ወጥቶ ናሙና የሚወስድ ሰው የማላየው? ውጤቱስ ለምን ለሕዝብ አይነገርም? ስኳር የቀላቀልከው ወንድሜ፣ ስኳር ያለበት ነው ብለህ ሽጥልኝ። የሚፈልገው ይገዛሃል። እኔ ግን ለልጄ አልገዛም።

አሁን እርዱኝ። ንብ የሚያነብ ዘመድ ያላችሁ፣ ወይም ራሳችሁ ገዝታችሁ ብርዝ የወጣላችሁ፣ ከየት እንዳገኛችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። የረጋም ቢሆን፣ ሰፈፍ የበዛበትም ቢሆን ግድ የለኝም። ቅዳሜ ድጋሚ እንበጠብጣለን ብያታለሁ።