የሌሊቱን ሌንስ ለልጃችሁ ከማስላካችሁ በፊት የቤታችሁን ውሃ እዩ

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ልጅ ያለው ሰው ሁሉ የሚያነሳው ነገር ያ ማታ ዓይን ላይ አድርገውት ተኝተው ጠዋት አውልቀው ያለ መነፅር የሚዋልበት ሌንስ ነው፣ አሜሪካ ያለች አክስቱ ልትልክለት ነው ምናምን ይባላል። እኔ አቋሜን ላስቀድም፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ በየጊዜው የሚያየው ባለሙያ ሳይገኝ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጅ ይሄን ሌንስ ማድረግ አልደግፍም።

ኦርቶኬራቶሎጂ ነው ስሙ። ጠንካራ ግን ኦክስጅን የሚያሳልፍ ሌንስ ነው፣ ሌሊቱን ኮርኒያን ማለትም ከጥቁሩ ዓይን ፊት ያለውን ንፁህ ሽፋን መሀሉን ጠፍጠፍ ያደርገዋል፣ ልጁም ቀኑን ሙሉ ሰሌዳው ይታየዋል፣ ማድረጉን ካቆመ ግን ማይነሱ፣ ማለትም ሩቁ የሚደበዝዝበት ችግር፣ ተመልሶ ይመጣል። ይሰራል፣ አልክድም። የአሜሪካው የመድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2002 ተተኝቶ እንዲታደርበት ፈቅዷል፣ ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከ6 እስከ 10 ዓመት ባሉ ልጆች ላይ ተሰርቶ በ2012 የታተመ ጥናትም የዓይን ኳስ መርዘምን በ2 ዓመት ውስጥ መነፅር ካደረጉት አንፃር በ43 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ማይነስ የሚጨምረው ኳሱ ሲረዝም ስለሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ወላጅ ቢጓጓ አይፈረድበትም።

ጉዳቱ ያለው ከላይ ሽፋኑ ላይ ነው። ኮርኒያ የደም ስር የለውም፣ ኦክስጅን የሚያገኘው በእንባው በኩል ከአየር ነው፣ ስንተኛ ደግሞ ቆቡ ስለሚከደን ኦክስጅኑ ይቀንሳል፣ ዓይን ስለማይርገበገብም እንባው ቆሻሻውን ጠርጎ አያወጣም። እዛ ላይ ሌንስ ሲጨመርበት ጥቃቅን ጭረት ይወጣል፣ ሐኪሙ ቀለም ጠብ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ሲያየው ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል፣ አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ቶሎ ይደርቅበታል። አብዛኛው ለጥቂት ቀን ሲያርፍ ይድናል። አስፈሪው በዛ ጭረት ጀርም ሲገባ ነው፣ ሱዶሞናስ የሚባለው ባክቴሪያ በአንድ ሁለት ቀን ኮርኒያውን አቁስሎ እድሜ ልክ የማይጠፋ ነጭ ጠባሳ ሊተው ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ተሰርቶ በ2013 የታተመ ጥናት ይሄን ሌንስ ከሚያደርጉ 10,000 ልጆች በዓመት ወደ 14 የሚሆኑት ላይ እንዲህ አይነት ኢንፌክሽን እንደሚደርስ ገምቷል። ጥቂት ነው ትሉ ይሆናል፣ ግን ያ ቁጥር የወጣው ልጁ በደንብ ተለክቶለት ክትትል ካለበት አገር ነው።

የኛን ሁኔታ እስቲ አስቡት። አንገረብ ግድብ በደለል ተሞልቶ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በመጣ ቀን በሮቶና በጄሪካን እናጠራቅማለን፣ ልጁ ማታ እጁን የሚታጠበው በዛ ነው፣ ሶሉሽኑ ማለትም የሌንሱ ማጠቢያ ፈሳሽ ያለቀበት ቀን ደግሞ ሌንሱንም በዛው ማጠቡ አይቀርም። አካንታሜባ የሚባለው ተህዋስ ውሃ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ክሎሪንም በቀላሉ አይገድለውም፣ ኮርኒያ ከያዘ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ሕመሙም እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ይሄ ሌንስ በቧንቧ ውሃ መነካት የለበትም፣ ማስቀመጫውም ጭምር!

በዛ ላይ በበጋ አቧራው አለ፣ ከአቧራው ጋር ዓይኑን የሚያሳክከው ልጅ ብዛቱ፣ በየገጠሩ ደግሞ ትራኮማው። አለርጂ ያለበት ልጅ ዓይኑን እያሸ እያሸ ኮርኒያው ሊሾል ይችላል፣ ለእንደዚህ አይነት ዓይን ይሄ ሌንስ አይሆንም። ሌንሱ የሚሰራው የኮርኒያ ቅርፅ በማሽን ተነስቶ ለዛ ልጅ ብቻ ተብሎ ነው፣ የመነፅር ቁጥር በቴሌግራም ልኮ ማስመጣት ማለት ባልተለካ ጫማ ሩጥ እንደማለት ነው።

ልጆቹም ልጆች ናቸው፣ ፈተና ሲደርስ አምሽተው ሳይታጠቡ ይተኛሉ፣ ዓይናቸው ሲቀላ ደግሞ ሌንሱን እንዳትቀሙዋቸው ይደብቃሉ። ስለዚ መጀመሪያ መነፅር አድርጉላቸው፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ኦፕቶሜትሪ ማለትም የዓይን ልኬትና የመነፅር ሙያ የሚያስተምር ነው፣ ሆስፒታሉም የዓይን ማዕከል አለው፣ እዛ ወስዳችሁ አስለኩ፣ ቀን ቀን ውጭ ብርሃን ላይ እንዲጫወቱም ልቀቋቸው።

አስቀድሞ የጀመረ ልጅ ካላችሁ ግን ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው፣ ብርሃን ካስጠላው ወይ ከደበዘዘበት ሌንሱን በዛው ሰዓት አውልቁት፣ ቤት የተረፈ ጠብታ በተለይ ስቴሮይድ ያለበት እንዳትጨምሩለት፣ ሌንሱንና ማስቀመጫውን ሳታጥቡ ይዛችሁ የዛኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ፣ ከማስቀመጫው ናሙና ተወስዶ ጀርሙ ሊታወቅ ይችላል።