አሥራ አንድ ዓመት የዘገየ ድጋፍ

የ2017 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 8.4 ከመቶ መድረሳቸው እንደ ምሥራች ተነገረን። በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ እንደነበር ስናስታውስ ቁጥሩ ከፍ ማለቱ አይካድም፤ ኩረጃው መገታቱንም የምቃወም ሰው አይደለሁም። ያስቆጣኝ ውጤቱን ተከትሎ እንደ ትልቅ ጥበብ ሲቀባበሉት የሰነበቱት አባባል ነው፦ የሠራ ያልፋል፣ ያልሠራ ይወድቃል፤ ደካማውን ተማሪ መደገፍ ስንፍናን መሸለም ነው የሚለው።

ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ። በ2016 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ። የአገሪቱ ሰነፎች ተጠራርተው እነዚህ ግቢዎች ውስጥ ተመዘገቡ ልንል ነው? በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ከመቶ ልጅ መቶውም ሲወድቅ የተማሪውን ትጋት እያነሡ መስበክ ከኃላፊነት መሸሽ እንጂ ሌላ ስም ሊሰጠው አይችልም።

ነገሩ የሚበላሸው 12ኛ ክፍል ላይ ሳይሆን አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎችና ቋንቋዎች በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከእነዚያ ልጆች መካከል ሁለት ጊዜ ክፍል የደገመው 12ኛ ክፍልን የሚፈተነው በ2014 ዓ.ም. ነው፤ ማለትም 3.3 ከመቶ ብቻ አለፈ ተብሎ አገር ጉድ ባለበት ዓመት። ውድቀቱ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሳለ ውጤቱ በወጣ ቀን እንደ ዱብ ዕዳ መደንገጣችን ነው የሚገርመው።

ይህን ለማየት ደግሞ የጥናት ሰነድ ማገላበጥ አያስፈልግም። የመማሪያ መጽሐፍ ከያዘ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አጠገብ ቁጭ ማለት ይበቃል። ገጹን ከላይ እስከ ታች ይወጣዋል፤ ጣቱ ግን ሌላ መስመር ላይ ነው፣ ምክንያቱም የያዘው በቃሉ ነው። ገጹን በወረቀት ሸፍናችሁ «ቤ»ን ለብቻዋ ብታሳዩት ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ብሎ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ እንዲያውም ማንበብ ሳይችል አንድ ገጽ በቃሉ መያዙ ትጉህ መሆኑን ይመሰክራል። ያጣው ፊደል አለመለየቱን አይቶ ለብቻው ግማሽ ሰዓት የሚሰጠው ሰው ነው። ስድሳና ሰባ ልጅ የታጨቀበት ክፍል ውስጥ በኅብረት እየጮኸ ሲያነብ ድምፁ ከሌሎቹ ጋር ስለሚቀላቀል ማንም አይደርስበትም፤ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለ መውደቅ የማለፉ አሠራርም አራተኛ ክፍል ድረስ ሸኝቶታል። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ ማንበብ ይችላል ተብሎ የሚሰጥ ነው። ሰባተኛ ወይም ዘጠነኛ ክፍል ላይ ማስተማሪያው ወደ እንግሊዝኛ ሲዞር ይብሱኑ ይጠፋል፤ እኛም ያኔ ደካማ የሚል ስም እናወጣለታለን።

በእርከን የተከፈለ ድጋፍ የሚባለው አሠራር የሚመልሰው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያው እርከን ለክፍሉ ልጆች ሁሉ ደህና ትምህርት ይሰጣል፤ በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጊዜያትም ማን ወደ ኋላ እንደቀረ በአጭር ምዘና ይለያል። በሁለተኛው፣ የቀሩት አምስት ስድስት እየሆኑ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት በጎደላቸው ነገር ላይ ብቻ ይሠራሉ። ይህም ያልበቃው ጥቂት ልጅ በሦስተኛው እርከን በግል ይያዛል፤ የልዩ ፍላጎት ባለሙያም ያየዋል። አሜሪካ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ሕጓን በ2004 እ.ኤ.አ. ስታሻሽል ለአሠራሩ በር የከፈተችለት፣ ልጁ ፈጽሞ እስኪወድቅ እየጠበቁ መርዳት ዋጋ እንደሚያስከፍል ስለታየ ነው። ፊንላንድም ከ2011 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ባለ ሦስት እርከን ድጋፍን በሕግ ሠርታበታለች።

ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው የሚለውን ሰምቼዋለሁ። ሕንድ ሀብታም ናት? ፕራታም የተባለው የሕንድ ድርጅት ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚያነቡት ልክ እየመደበ በቀን ለተወሰነ ሰዓት የሚያስተምርበት ዘዴ በተደጋጋሚ ጥናት ተፈትሾ ውጤታማነቱ ታይቷል፤ ዛምቢያም ወስዳ ትሠራበታለች። የመምህራን እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። እጥረት ባለበት አገር ግን ያለውን መምህር የት ማቆም ይሻላል የሚለው ጥያቄ ይብስ ይከብዳል እንጂ አይቀርም።

እኛ ድጋፍ አንሰጥም ማለት አይደለም፤ የምንሰጠው ገልብጠን ነው። ቱቶሪያል የሚሰጠው ለ6ኛ፣ ለ8ኛና ለ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ነው፤ ማለትም ድጋፉ የሚከተለው ፈተናውን እንጂ የተቸገረውን ልጅ አይደለም። እጅግ ጎበዞቹን ደግሞ መርጠን ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤት እናስገባቸዋለን። ወድቆ ከጨረሰው መካከል የተወሰነውን ዩኒቨርሲቲ አስገብተን፣ አብልተንና አሳድረን ሪሜዲያል የሚባለውን የማካካሻ ትምህርት እናስተምረዋለን። በስምንት ዓመቱ በቀን ግማሽ ሰዓት የተነፈገ ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አልጋና ቀለብ ይቆረጥለታል! ለትምህርት ገንዘብ የለም የሚለውን ከዚህ በኋላ ማን ይመነው?

በአገራችን ከሁለተኛው እርከን ጋር የሚመሳሰል ነገር ከነበረ አንድ ለአምስት ነው። ጎበዙን መሪ አድርጎ አራቱን ከሥሩ ማሰለፍ ወጪ አልነበረውም፤ መጨረሻው ግን የቡድን ሥራውን ጎበዙ ብቻውን ሠርቶ የአምስት ሰው ስም መጻፍ ሆነ። መምህር የሚሠራውን ሥራ ለልጅ አሸክሞ ተሳትፎ ብሎ መጥራት የእኛ ብልሃት ነው።

በጠባይ በኩል ያለው ድጋፍስ? የሚረብሸውን ልጅ የምናውቅለት መድኃኒት ወላጅ ይዘህ ና ነው፤ ወላጁ የቀን ሥራ ላይ ከሆነ ልጁ ሦስት ቀን ከበር ውጭ ይውላል፤ በሦስቱ ቀን ያመለጠው ትምህርት ሲመለስ ይበልጥ እንዲረብሽ ያደርገዋል። አርጩሜውም አልቀረም፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን የከለከለው ለጌጥ ይመስል። የማያነበው ልጅና የሚረብሸው ልጅ ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ አርባ ደቂቃ ያልገባውን ነገር ዝም ብሎ እንዲመለከት የተፈረደበት ሰው ሌላ ምን ይሥራ? ይሁን እንጂ ለንባቡ የሚጠይቀው ሰው የለም፤ ለረብሻው ግን የዲሲፕሊን ኮሚቴ ይሰየምለታል።

በጀት እስኪመጣ የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ። ርዕሳነ መምህራን የመምህራን ድልድል ሲያወጡ ጠንካራውን መምህር ለተፈታኝ ክፍል፣ አዲሱንና ልምድ የሌለውን ለአንደኛ ክፍል መስጠት ያልተጻፈ ሕግ አድርገውታል፤ የትምህርት ቤቱ ስም የሚጠራው በፈተና ውጤት ስለሆነ ሱፐርቫይዘሩም ይህን አይቶ አያርምም። በመጪው ዓመት ድልድሉ ይገልበጥ፤ ፊደል በማስለየት የተመሰከረላት መምህርት አንደኛ ክፍል ትግባ፣ ከክፍለ ጊዜዋም በሳምንት አራቱ ተቀንሶላት የቀሩትን ልጆች በትንሽ ቡድን ትያዝ። ለዚህ ከሚኒስቴር የሚወርድ መመሪያ አያስፈልግም፤ የርዕሰ መምህሩ ፊርማ ይበቃል።