ፍሬን የፈሪ ነው

መኪናዬ ሰሞኑን ማፏጨት ጀምራለች። ፍሬን በረገጥኩ ቁጥር ሲጥጥጥ ነው፣ ጊዮርጊስ ጋ ስቆም መንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጠዋ ልጅ ሳትቀር ጥርሷ የጠረሰ ይመስል ፊቷን ታጨማድዳለች።

ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። የፍሬን ሸራ ማለት ከጎማው ጋር የሚዞረውን የብረት ዲስክ ቆንጥጦ የሚያቆመው ነው፣ እሱ ላይ ጥፍር የምታክል ቆርቆሮ አለች፣ ሸራው ተበልቶ ተበልቶ 2 ወይ 3 ሚሊሜትር ሲቀረው ዲስኩን እየጫረች እንድትጮህ የተደረገች ናት፣ ጌታዬ አለቅሁልህ ማለቷ ነው። ፈረንጅ መቼም አይደክመው፣ ያን ሁሉ ኢንጂነር ሰብስቦ የመጣለት መላ እቺ ናት። እኛ ይሄን ችግር ድሮ ነው የጨረስነው፣ ቴፑን ከፍ ታደርጋለህ በቃ። ቴፕ ከሌለህ ሸራው ላይ ትንሽ ዘይት ጠብ ታደርግበታለህ፣ ይሄን የመከረኝ ሰው አንድ ስኒ ቡና እንኳ አልጋበዝኩትም፣ ለወገን ብሎ ነው። እውነቱንም ነው፣ ዘይት የነካው ሸራ ጭጭ ይላል። መያዝም ይተዋል እንጂ ድምፅስ የለውም።

እና ዛሬ የምጽፈው ለወቀሳ እንዳይመስላችሁ፣ ለምስጋና ነው። የባህር ዳር ባለመኪና ሳይመሰገን የቀረ ሕዝብ ነው። መኪና የሚገዛው ለመሄድ ነው፣ መቆም ያማረው ቤቱ አይቆምም እንዴ? ይቺን የገባው ሕዝብ ገንዘቡን ለሚያስኬድና ለሚያምር ነገር አውሎ ለሚያቆመው ነገር ሲቆጥብ ብታዩት አይፈረድበትም።

ሩቅ ሳልሄድ ጎረቤቴ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው። ዲኤክስ ኮሮላቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን በዕድሜ ትበልጣለች፣ ልጅቷ ደግሞ አግብታ ሁለት ወልዳለች። (የኔም ዲኤክስ ናት፣ የሷ ታናሽ እህት በሏት።) አያያዛቸው ያስቀናል። የወንበር ልብሷ ለፋሲካ ይቀየራል፣ ዳሽቦርዷ ላይ ፀጉራም ምንጣፍ አለ፣ ከኋላ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት፣ ክላክሷን ደግሞ ሲያስጮሁት የዘጌ ጀልባ ደረሰ ብሎ ወደ ሐይቁ የሚሮጥ አይጠፋም። አንድ ቀን "ፍሬኑስ ጋሼ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ደመወዛቸውን የጠየቅኳቸው ይመስል ቅር ብሏቸው አዩኝና "ይሰራል!" አሉ።

ይሰራል። ከዚህ ያጠረ የቴክኒክ ሪፖርት ያለው አገር ካለ አምጡልኝ። ሚሊሜትር የለው፣ ጎማ መፍታት የለው፣ ክሪክ የለው። ትናንት ከቆመ ዛሬም ይቆማል፣ ዛሬ ካልቆመ ደግሞ ያኔ ይታያል።

አምና የግራው ጎማ ላይ ሸራው አልቆ ብረት በብረት ሲሆንባቸው የግራውን ብቻ አስቀየሩ። መካኒኩ "ጋሼ ሸራ እኮ ግራና ቀኙ አብሮ ነው የሚቀየረው" ቢላቸው "የቀኙ ምን አጠፋ?" አሉት። እንዲህ ያለ ፍትሕ ፍርድ ቤትም አይገኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናዋ ፍሬን ስትያዝ ወደ ግራ ትጎትታለች፣ እሳቸው ግን ጸባይዋን አውቀውባታል፣ ፔዳሉን ሳይረግጡ በፊት መሪውን ወደ ቀኝ ሰበር ያደርጉታል። ለምዶባቸው የኔን መኪና የነዱ ቀንም ሰበር አደረጉትና አንድ ባለሳይክል ለጥቂት ተረፈ። ሰደበን። በዚህ ከተማ ባለሳይክል ብዙ ነው፣ ስለ መኪና ጸባይ የሚያውቀው ግን የለም።

ደግሞስ ማን ይፈርድብናል? በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ ያገለገለ መኪና ላይ ከበደ፣ በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀና የመለዋወጫ ዋጋ ሲጠሩልህ የስልክ ቁጥር የሚነግሩህ እስኪመስል ድረስ ሆነ። ያቺ አሮጌ ኮሮላ ቅርስ ሆነች ማለት ነው። ቅርስ ደግሞ ዓመታዊ ምርመራ ሲደርስ ብቻ ይነካል፣ ለዚያም ቢሆን መላ አለን፣ በሰፈራችን አንድ የእሳት ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው፣ ከቤት ቤት እየዞረ ስንቱን መኪና ለቦሎ አብቅቷል መሰላችሁ፣ ጽዋ ማኅበር በሉት።

እኔ ግን ፈሪ ነኝ፣ ሸራ ልቀይር ተነሳሁ። መካኒኩ መኪናዋን ክሪክ ላይ ሰቀለና አንዷን አሮጌ ሸራ ፈቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ "ናሙና ይዘህ ሂድ" አለኝ። ጥጓ ተሸርፋ እንደ ጣና ካርታ ጎርበጥበጥ ብላለች፣ የቀራትም ከብስኩት የሳሳ ነው። አዲሷ ስትሠራ 10 ሚሊሜትር አካባቢ ነበረች። መለዋወጫ ቤት ስደርስ አንድ ልጅ ሱፍ እየፈለፈለ ቀና እንኳ ሳይል "ለራስህ ነው ለሽያጭ?" አለኝ።

"ማለት?"

"መኪናዋን የምትነዳት ከሆነ ይሄ፣ ልትሸጣት ከሆነ ይሄ።"

ሁለት ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ዱብ ዱብ አደረገ። ሁለቱም ላይ የጃፓን ፊደል አለ፣ ሁለቱም ሴራሚክ ነው ይላል፣ አንዱ ኦሪጅናል ነው አንዱ ደግሞ "እሱም ኦሪጅናል ነው፣ የቻይና ኦሪጅናል"። ሦስተኛም አለ፣ "ያገለገለ የጃፓን" የሚባል፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። እኔ ነገረኛ ስለሆንኩ ጠርዙን አየሁት፣ እዚያ ሁለት የላቲን ፊደል ይታተማል፣ አንዱ ሸራው ቀዝቅዞ እያለ አንዱ ሲግል ምን ያህል ቆንጥጦ እንደሚይዝ የሚናገር። የመጀመሪያው ላይ አለ፣ የሽያጩ ላይ የለም። ልጁን ጠየቅኩት። "እሱ ዲዛይን ነው" አለኝ። የሽያጩን በአውራ ጣቴ ፈተግ ሳደርገው እንደ በሶ ዱቄት ጣቴ ላይ ቀረ።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ፣ ይቺን መኪና የሸጠልኝ ሰውዬ "ፍሬኑን አሁን በአዲስ ነው ያስቀየርኩት" ብሎ ነበር። አልዋሸም፣ ለሽያጭ ነው ብሎ የገዛው። ለካ በየመንገዱ የምናየው መኪና ግማሹ ለሽያጭ ነው የሚነዳው።

የራስህን ገዛሁ። ናሙናዬን ግን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ረስቼው ወጣሁ።

ቀጥሎ ዲስክ አለ። የኔ ዲስክ ጣት ስታሳልፍበት እንደ ሸክላ ዘፈን መስመር መስመር ሠርቷል፣ መካኒኩ ፊቱ እንዲላግ ቶርኖ ቤት ላከኝ። ዲስክ ላይ ከዚህ ቁጥር በታች ከሳሳ ጣለው የሚል ልክ ተቀርጾበት ይመጣል፣ በአዲሱና በመጨረሻው መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ 1 ወይ 2 ሚሊሜትር ነው። የቶርኖው ባለሙያ ግን ለዚህ ሁሉ ጣጣ ጊዜ የለውም፣ ዲስኩን ባውራ ጣትና በሌባ ጣቱ መሀል ጨበጥ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነና "ወፍራም ነው፣ ሌላ ሁለት ጊዜ ይመለሳል" አለኝ። በቨርኒየር እንለካው ስለው እንደ ተሳደብኩ አየኝ። የጋሼ ዲስክ አራት ጊዜ ነው የተቆረጠው፣ አሁን ዲስክ አትሉትም፣ ስስ እንጀራ ነው፣ ዓይን ብቻ ነው የቀረው። የሳሳ ዲስክ ቶሎ ይግላል፣ ሲግል ውፍረቱ እኩል መሆኑ ይቀርና ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል። እሳቸው "ለትከሻዬ ጥሩ ነው" ይላሉ።

እዚህ ከተማ ላይማ ሁሉም ፍሬን ጎበዝ ነው። ሜዳ ነው፣ በዘንባባው መሀል በ40 ትሄዳለህ፣ ከዚያ በላይ ልንዳ ብትልም ባጃጁ አያስነዳህም። ፈተናው ያለው ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ደጀንን ስታልፍ ነው፣ የአባይ በረሃ ከ1000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወስድሃል። ፍጥነትህ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ የሚሸከመው ጉልበት አራት እጥፍ ነው፣ ያ ሁሉ ወደ ሙቀት ተቀይሮ ስስ እንጀራዋ ላይ ያርፋል። ታች ወንዙ ላይ ያለውን ድልድይ ጃፓኖች ናቸው በእርዳታ የሠሩልን፣ መኪናዋንም ጃፓኖች ናቸው የሠሯት፣ በሁለቱ መሀል ያለው ፍሬን ብቻ ነው የኛ አስተዋጽኦ።

ጋሼ ለሰርግ ወርደው ነበር። ግማሽ ላይ ሲደርሱ አንድ ሽታ መጣ፣ "ከሰል እያከሰሉ ነው" ብለው ለተሳፋሪው አስረዱ። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆነ። የፍሬን ዘይታቸውን እኔ አይቼዋለሁ፣ አቦል ቡና ነው የሚመስለው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፣ ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ200 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይፈላም፣ ውሃ የጠጣው ግን 140 አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ከፈላ አረፋ ነው የምትረግጠው። ጋሼ በማርሽ እያስያዙ፣ ጸሎቱን ከአማርኛ ወደ ግዕዝ አሳድገው፣ እንደምንም አንድ ጥግ ላይ አስጠጓት። ከዚያ ወርደው የሃይላንዱን ውሃ የጋለው ዲስክ ላይ ቸስስስ። በዚህ ሙቀት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍበት የማይሰነጠቅና የማይጣመም ብረት ካለ የሳቸው ዲስክ ነው፣ ምክንያቱም የሚሰነጠቅ ነገር አልቀረውም። እግዜር ባይኖርበት ኖሮ በማግስቱ ዜና ላይ "ፍሬን በጥሶ" ይባልላቸው ነበር። ደስ የሚለኝ አባባል ነው። ሁሌም ፍሬኑ ነው የሚበጥሰው፣ ባለቤቱን ምንም አያነካኩትም።

የኔ ነገር አለቀ። ዲስክ አዲስ አስገባሁ፣ ሸራው ግራና ቀኝ ገባ፣ መካኒኩ አሮጌውን አቧራ በአፉ እፍ እፍ ብሎ አጸዳው፣ ድሮ ሸራ ላይ አስቤስቶስ ይገባ ነበር ለሳንባ ጠንቅ ነው ስለው "እኛን አይነካንም" አለኝ። ከዚያ ጋራዡ በር ላይ አንዴ ጢጥ አድርጎ አቆማትና "በቃ ፈትሸናታል"። ነገር ግን አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር ቀስ እያለ መላመድ አለበት ሲባል ስለሰማሁ በነጋታው ጠዋት 12 ሰዓት አዲሱ የአባይ ድልድይ ላይ ወጣሁ፣ 380 ሜትር ነው፣ በዚያ ሰዓት ባዶ ነው። ከ50 ወደ 15 እያወረድኩ፣ እንዲቀዘቅዝ ትንሽ እየነዳሁ፣ አሥር ጊዜ ያህል ተመላለስኩ። ስፖርት የሚሠሩ ልጆች ቆመው አዩኝ። አንዱ "ጋሼ መንጃ ፈቃድ ልትፈተን ነው?" አለኝ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሼ በአጥር ላይ ጠሩኝ። ደስ ብሏቸዋል፣ እጃቸው ላይ ጋዜጣ አለ።

"የቀኙንም ልቀይረው ነው፣ ምክርህን ሰማሁ" አሉኝ። "ያገለገለ ነው፣ ግን የጃፓን ነው። አንድ ፈሪ ሳያልቅ አስፈትቶት ነው አለኝ ልጁ።"

ጋዜጣውን ገለጡት። ጥጓ ላይ ጣና አለ።