ቁልፉ ማን ጋር ነው?

በመሥሪያ ቤታችን የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ የታሰረው በበግ ቀንድ ነው። የመንዝ አውራ በግ ቀንድ፣ ተጠማዝዞ የተመለሰ፣ ጫፉ በጋለ ሽቦ ተበስቶ ቁልፉ የተንጠለጠለበት። የንብረት ክፍሉ ጋሼ ይህን ያደረጉት ሰው ቁልፉን በኪሱ ከትቶ ወደ ቤቱ እንዳይሄድ ብለው ነው፤ ተሳክቶላቸዋል። ችግሩ ቀንዱን ይዞ ኮሪደሩን የሚያቋርጥ ሰው የት እንደሚሄድ ከባለጉዳይ እስከ ጥበቃ ሁሉም ማወቁ ነው። እኛ ደግሞ የዚህን ጉዳይ ስም ላለመጥራት ስንት ዘመን የደከምን ሕዝብ ነን። «ወጣ ብዬ ልምጣ» እንላለን፣ «ደጅ ደርሼ ልመለስ» እንላለን፣ ጨዋ የሆነው ደግሞ «ነፋስ ልቀበል» ይላል። ቀንድ ታቅፎ ነፋስ የሚቀበል ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከሰማይ የወረደ ብርሃን አዩባት ተብሎ ነው። ያ ብርሃን የእኛን መጸዳጃ ቤት ዘልሎታል። አምፖል ይጠየቃል፣ ይፈቀዳል፣ ይገዛል፣ ይሰቀላል፤ በሦስተኛው ቀን የአንድ ሠራተኛ ሳሎን ውስጥ ይበራል። ስለዚህ የሚገባው ሰው በአንድ እጁ የስልክ መብራት ይይዛል፣ በሌላው መወርወሪያ የሌለውን በር ይጎትታል። ጋቢ የለበሰ ከሆነ ሦስተኛ እጅ መዋስ አለበት።

እጅ መታጠብን በተመለከተ የጤና ባለሙያዎች በሳሙና ቢያንስ 20 ሰከንድ እሹ፣ ውሃው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ልዩነት የለውም ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ይህን ያሉት በታኅሣሥ ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ ቧንቧ ከፍተው እንዳልሆነ እምላለሁ። ውርጭ ያደረበት ውሃ እጅ አያጥብም፣ ይቆርጣል። የእኛ ሰው ጠበል እንደሚረጭ ጣቶቹን ነካ ነካ አድርጎ፣ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ሲወጣ፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ «እንዴት አደርክ» እያለ ይጨብጣል። በሰላምታ አንታማም!

እንደ እኔ ያለው ፈሪ ደግሞ ከግቢው በር ማዶ ወዳለችው ሻይ ቤት ይሻገራል። ባለቤቷ እትዬ የመሥሪያ ቤታችንን ሠራተኛ ገና ከደጅ ሲያዩ፣ «ሻይ ነው ወይስ ቁልፍ?» ይላሉ። ቁልፍ ብቻ መጠየቅ ነውር ስለሆነ ሁለቱንም እንላለን። የጠጣነው ሻይ ደግሞ ከሁለት ሰዓት በኋላ መልሶ እዚያው ያመጣናል። እትዬ ባለፈው ዓመት ቤታቸውን በአዲስ ቆርቆሮ አልብሰዋል።

ነገሩ ሲብስ የንጽሕና ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት አባላት ነበሩት፤ ስድስት ጊዜ ተሰብስቦ ሳሙና እንዲገዛ ወሰነ። ለስብሰባው የቀረበው ቆሎና ለስላሳ ሒሳብ ከሳሙናው በለጠ። የጽዳት ሠራተኛችን ላይ ቅሬታ የለኝም፤ በወር አንድ ጠርሙስ በረኪናና አንዲት ጨርቅ ተሰጥቷቸው፣ በዚያች ጨርቅ ከመጸዳጃ ሳህኑ እስከ ኃላፊያችን ጠረጴዛ እንዲያዳርሱ የታዘዙ ሴት ናቸው። የሚያሳዝነው ኮሚቴው ራሱ ወደ ተግባር የገባ ዕለት ነው። ጋሼ በረኪና ብቻውን ይሠራል፣ የሽንት ቤት አሲድም ብቻውን ይሠራል፣ ቢቀላቀሉማ እጥፍ ይሠራሉ ብለው ሁለቱን ባንድ ባልዲ ገለበጡ። ከዚህ ቅልቅል የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1915 የጀርመን ጦር ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጠላቱ ምሽግ የለቀቀው ያው ጋዝ። ሒሳብ ክፍል፣ መዝገብ ቤት፣ ባለጉዳይ ሳይቀር እያሳለ ግቢ ፈሰሰ። የሞተ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። በዚያ ቀን ግን ከተቀጠርኩ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠራተኛው በሙሉ ባንድ ሰዓት ከቢሮ ሲወጣ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራው በጨረታ ለጽዳት አገልግሎት ድርጅት የተሰጠው። የመጣችው ወጣት ጓንት አጥልቃ፣ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ይዛ ነበር፤ ቀዩ ለመጸዳጃ ቤት፣ ሰማያዊው ለቢሮ፣ እንዳይነካኩ። ኃላፊያችን አይተው፣ «ቀዩ ያምራል፤ ለእኔ ጠረጴዛ እርሱ ይሁን» አሉ። ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ለማስረዳት ሞከረች። እርሳቸው ቀለም መምረጥ የኃላፊ መብት ነው ብለው ያምናሉ።

ስትሠራ ቆሜ አየኋት። ከላይ ጀምራ ወደ ታች ወረደች፤ መጀመሪያ በሳሙና አሸች፣ አለቀለቀች፣ በልኩ የበጠበጠችውን በረኪና ቀብታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። በረኪና በቆሻሻ ላይ ሲፈስ ጉልበቱን ስለሚጨርስ መጀመሪያ መታጠብ አለበት፤ ከዚያ ደግሞ ተሕዋስያኑን እስኪገድል አሥር ደቂቃ ያህል ሊተውለት ይገባል። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ የአስተዳደር ክፍሉ ሰው አለፉ። ማስታወሻቸውን አውጥተው «ሥራ ፈትታ ቆማ ተገኘች» ብለው ጻፉ። ሽታው ሁሉ በበረኪና ሲሸፈን ለኖረ ሰው፣ በረኪናም እንደ ወጥ ጊዜ ይፈልጋል ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

ዓመት ሙሉ ዕጣን ያስጨሰንን የወለሉን ሽታም የገደለችው እርሷ ናት። ወለሉ ላይ ባለው የውሃ መውረጃ ወንፊት አንድ ጆግ ውሃ አፈሰሰች፤ ሌላ ምንም አላደረገችም። ከወንፊቱ በታች ያለው የታጠፈ ቱቦ ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ውሃ ይቀራል፣ የጉድጓዱን ሽታ የሚዘጋው ያ ውሃ ነው፣ ሲደርቅ በሩ ተከፈተ ማለት ነው አለችኝ። የዕጣኑን ወጪ ኮሚቴው በስንተኛ ስብሰባው እንዳጸደቀው አስታወስኩና ዝም አልኩ።

በሩ ላይም በየሰዓቱ የሚፈረምበት ወረቀት ተለጠፈ። እርሷ ስታጸዳ ትፈርማለች፣ የእኛ ተቆጣጣሪ አይቶ ያረጋግጣል። ተቆጣጣሪያችን ትጉህ ሰው ነው፤ ሰኞ ጠዋት እስከ ዓርብ ያለውን ፈርሞ ይጨርሳል።

ያም ሆኖ አንድ ወር ሙሉ ደህና ሰነበትን። አምፖሉ በሽቦ ወንፊት ታስሮ በራ፣ ሶፍት ተሰቀለ፣ ቀንዱ ጋሼ መስኮት ላይ የወረቀት መጫኛ ሆነ። እትዬ ሻይ ቤት ስሄድ ለሻይ ብቻ ሄድኩ፤ ቅር እንዳላቸው ፊታቸው ላይ አየሁ።

ከዚያ ደብዳቤ ወጣ። ከአዲስ አበባ እንግዶች ስለሚመጡ መጸዳጃ ቤቱ እንዳይቆሽሽ እስከዚያው ተቆልፎ እንዲቆይ፣ ቁልፉም በኃላፊው መሳቢያ እንዲቀመጥ። ልጅቱ ባልዲዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ፣ «ቁልፉ ማን ጋር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «ውሃ ካልፈሰሰበት ይሸታል እኮ» አለች። ሄጄ ለጋሼ ነገርኩ፤ ጋሼ «ሰው ካልገባበት ምን ያሸተዋል?» አሉኝ። ለዚህ መልስ የነበረው ከአንድ ሰው ውጭ ማንም አልነበረም፣ እርሷን ደግሞ የጠየቃት የለም።

እንግዶቹ «በሚቀጥለው ሳምንት» እየተባሉ ሁለት ወር ቆዩ። ወረቀቱ ላይ በየሰዓቱ «ንጹሕ» እየተባለ ይፈረም ነበር፣ ሐሰትም አልነበረበትም።

በመጡ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ስለ ተቋማዊ ለውጥ ረጅም ገለጻ ተደረገ። በመሃል የቡድን መሪው ወደ ኃላፊያችን ጠጋ ብለው «ነፋስ ልቀበል» አሉ። ኃላፊያችን መሳቢያቸውን ከፍተው ቁልፉን በሁለት እጃቸው አቀረቡ። በሩ ሲከፈት አምፖሉ ቦግ አለ፤ ሴራሚኩ ያንጸባርቃል፣ ሶፍቱ አልተነካም። እንግዳው ገቡ። ከአፍታ በኋላ መሐረባቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወጡና፣ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የነበርኩትን እኔን በትሕትና ጠየቁኝ፦

«ወንድም ዓለም፣ እዚህ አካባቢ ሻይ ቤት አለ?»