ማስተካከያ፦ ስለ ማሲንቆው ድምፅና ስለ «ማክስ»

ባለፈው ሳምንት ከደብረ ብርሃን ባወጣሁት ጽሑፍ፣ የማሲንቆን ድምፅ በኮምፒውተር ለመሥራት የካርፕለስ-ስትሮንግ ስልት ይበቃል ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። ስልቱ በጣት ለሚመታ ክር ነው፤ አጭር ጫጫታ ይለቀቅና እየዞረ፣ በየዙሩ እየለሰለሰ ይጠፋል። ለክራር ይሆናል። ማሲንቆ ግን ደጋኑ እስከተሳበ አይጠፋም፤ ጭራው ክሩን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ያደርገዋል። ያረሙኝ የመንዝ አባት ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም፤ በስልቱ የሠራሁትን ድምፅ ሰምተው «ልጄ፣ ይሄ እኮ ክራር ነው» አሉኝ።

«ማክስ» የተባለውንም የሙዚቃ ፕሮግራም ቋንቋ የኮምፒውተር ሙዚቃ ፈር ቀዳጁ የማክስ ማቲውስ ሥራ አድርጌው ነበር። ስሙ ለእሱ ክብር ነው እንጂ የጻፈው ሚለር ፐኬት ነው፤ ፓሪስ፣ ኢርካም በተባለው የሙዚቃ ምርምር ማዕከል ውስጥ። የማቲውስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1957 በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ የጻፈው «ሚዩዚክ» የተባለው ድምፅ የሚሠራ ፕሮግራም ነው።