ሃዋርድ ወይስ ሜሪላንድ? የወንድምና የእህት ክርክር

ልጅቷ በዚህ ዓመት በሲልቨር ስፕሪንግ ሁለተኛ ደረጃን ትጨርሳለች። ከሁለት ቦታ የመግቢያ ደብዳቤ ደርሷታል፤ አንዱ ዋሽንግተን ካለው የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ ከሃዋርድ፣ ሌላው ኮሌጅ ፓርክ ካለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ። እሷ ሃዋርድ ብላለች። አባቷና አክስቷ ግን አልተስማሙም። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባት፦ መጀመሪያ ሒሳቡን እናስላ። የሜሪላንድ ነዋሪዎች ስለሆንን ኮሌጅ ፓርክ የትምህርት ክፍያው በዓመት 12,000 ዶላር ግድም ነው። ሃዋርድ የግል ነው፤ ከ30,000 በላይ ይጠይቃል። በአራት ዓመት ልዩነቱ ከ70,000 ዶላር ያልፋል። ልጅቷ ሐኪም ልሁን ትላለች፤ ሕክምናው ገና ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ደግሞ ግልጹን ልናገርና፣ «የጥቁር ኮሌጅ ገባች» ሲባል ዕድርተኛው «ምነው ሌላ አጣች?» ይላል።

እህት፦ ጋሼ፣ ዕድርተኛውን ከሒሳቡ ጋር አትቀላቅልብኝ። ስለ ሕክምና ካነሳህ እኮ አሜሪካ ውስጥ በ1910 ሰባት የጥቁሮች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ነበሩ። በዚያ ዓመት የአገሪቱን የሕክምና ትምህርት ቤቶች የገመገመው የፍሌክስነር ሪፖርት ወጣ፤ በእሱ የተነሳ አምስቱ ሲዘጉ የቀሩት ሃዋርድና ቴነሲ ያለው ሜሃሪ ናቸው። ለብዙ አሥርት ዓመታት ከጥቁር ሐኪሞች የሚበዙት ከእነዚህ ሁለቱ ነው የወጡት።

ከእነሱ አንዱ የእኛው መላኩ በያን ነው። ኦሃዮ ሲማር ቆይቶ ሃዋርድ ገባ፣ በ1935 ሐኪም ሆኖ ወጣ። ጣልያን ሲወርረን አገሩ ገብቶ ቁስለኛ አከመ። ተመልሶም በ1937 ኒው ዮርክ ላይ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽንን አቋቋመ፤ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ እንዲቆሙ የቀሰቀሰ ሰው ነው። ንጉሠ ነገሥቱም በ1954 ሃዋርድ ድረስ ሄደው የክብር ዲግሪ ተቀብለዋል። ዕድርተኛው ይህን ሲሰማ ምን ይል ይሆን?

አባት፦ መላኩን አከብራለሁ። ግን ያኔ የብዙዎቹ የነጮች ኮሌጆች በር ለጥቁር ዝግ ነበር፤ ዛሬ ኮሌጅ ፓርክ ራሱ ደብዳቤ ጽፎ ጠራት። ደግሞ ታሪክ ጣሪያ አይጠግንም። በ2021 የሃዋርድ ተማሪዎች ዶርማችን ሻገተ ብለው የተማሪዎች ማዕከል ውስጥ ከአንድ ወር በላይ ሲያድሩ አላየሽም?

እህት፦ አይቻለሁ፤ እውነት ነው፣ አልክድህም። ዶርሙን ሄደን በዓይናችን እናየዋለን።

በሩ ግን አንተ እንዳልከው ወለል ብሎ የተከፈተ አይመስለኝም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ በ2023 ምን እንዳደረገ ታውቃለህ፤ ኮሌጆች ተማሪ ሲቀበሉ ዘርን እንዳያዩ ተከልክለዋል። እኔ ፋርማሲ የተማርኩት ሃዋርድ ነው። ከአዲስ አበባ ስመጣ ራሴን «ሐበሻ» እንጂ «ጥቁር» ብዬ አላውቅም ነበር። አንድ ሱቅ ውስጥ ጥበቃው ከኋላ ከኋላዬ ሲከተለኝ ግን ሐበሻ ነሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም። ያን ቀን የገባኝን ነገር የሚያስረዳኝ ሰው ያገኘሁት ሃዋርድ ክፍል ውስጥ ነው።

አባት፦ እሱ ላንቺ ሠርቷል። ልጄ ግን እዚሁ ተወልዳ ነው ያደገችው፤ ጥቁርነቷን ካንቺም ከእኔም በላይ ታውቃለች። ለዚህ 70,000 ዶላር መክፈል አለባት?

እህት፦ ስለምታውቀው እኮ ነው የመረጠችው! የሚከብደው ለእሷ ሳይሆን ለአንተ ነው። እኔ የሰጉልኝን ሰዎች ሁሉ ስቄ ነበር የማልፋቸው፣ አንተ ብቻ ነህ ዛሬም የምትሰጋው።

አባት፦ ... እሺ፣ ልስጋ። ስጋት የአባት ሥራ ነው። ከሃዋርድ የመጣው የስኮላርሺፕ ደብዳቤ እጅሽ ላይ አይደል? ከክፍያው ስንቱን እንደሚሸፍን፣ ውጤቷ ከስንት ከወረደ እንደሚቋረጥ አንብቢልኝ። እኛ ላይ የሚቀረውን ክፍያ በአራት ዓመት አባዝተሽ በወረቀት ጻፊልኝ። የምርጫዋ መጨረሻ ቀን ሜይ 1 ሳይደርስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዘሽው ነይ፤ ልጅቷም ትቀመጥ።