ፋሲል ግቢን ሰበብ አታድርጉት

ሰሞኑን በጎንደር የቤት ችግር ላይ በተነሳ አንድ ውይይት፣ ለደመወዝተኛው ባለ አንድና ባለ ሁለት ክፍል ቤት ይፈቀድ ሲባል አንድ የፕላን ባለሙያ ተቃወሙ። በከተማዋ ቤት የሚሠራ ሰው ፎቅ ይሥራ የሚለው ግዴታ ከላላ የቅርስ ከተማዋ መልክ ይበላሻል አሉ።

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሏል ይኼ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በፎቅ ታጅቦ ነበር እንዴ? አፄ ፋሲል ግንባቸውን ሲያንጹ ጎረቤቱን ሁሉ «አንተም ፎቅ ሥራ» ብለው አላስጨነቁም። ግንቡ ያማረው እኮ ከጣሪያዎች በላይ ብቻውን ብቅ ስላለ ነው። ነገ ያንን እይታ የሚጋርደው የመምህሯ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው ወይስ መስታወት የለበሰ ሕንፃ? ለቅርሱ የሚቆረቆር ሰው የሚከለክለው ፎቁን ነበር። እኛ ጋ ግን ፎቅ የሚገደደው በቅርስ ስም ነው!

ደግሞ ግዴታው ትንሽ ቤትን አላጠፋም፤ ያጠፋው ሕጋዊውን ነው። ፎቅ መሥራት ያልቻለው ከተማ ዳር ወጥቶ የጨረቃ ቤት ይቀልሳል፣ ከዚያ ዶዘር ይላክበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 እንኳ ባለ አንድ ወለሉን አነስተኛ ቤት ራሱን የቻለ የሕንፃ ምድብ፣ ምድብ «ሀ» ብሎ አስፍሮት ነበር። አገር ያወቀውን ቤት ከተማ ለምን ይንቀዋል?

መሬት የተረፋት ቴክሳስ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣችው ሕግ፣ ትልልቅ ከተሞቿ በአዳዲስ ሰፊ የመኖሪያ ሰፈሮች ለአንድ ቤት ከ3,000 ካሬ ጫማ (280 ካሬ ሜትር ገደማ) በላይ ቦታ እንዳያስገድዱ እጃቸውን ይዛለች። «አሜሪካና እኛ አንድ ነን ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለንም። እዚያ ሀብታሞቹ በትንሽ ቦታ ቤት ፈቀዱ፤ እዚህ ድሆቹ ፎቅ ካልሠራን ብለናል።

ውሃው አይበቃም የሚሉም አሉ። ለጎንደር ውሃ የሚያቀርበውን አንገረብ ግድብ ደለል እንደበላው አልክድም። ግን ተከራይም ውሃ ይጠጣል፤ ያው ሰው በራሱ ቤት ቢያድር ጥሙ አይጨምርም።

ስለዚህ ክልሉ ጣልቃ ይግባ። በመኖሪያ ሰፈር ማንም ከተማ ነዋሪውን ፎቅ ካልሠራህ ብሎ ፈቃድ መከልከል እንዳይችል በመመሪያ ይደንግግ። በፋሲል ግቢ ዙሪያ ደግሞ ግዴታው ይገልበጥ፦ ከዚህ ፎቅ በላይ አይቻልም ይባል።